ለሜዬላ ያዘነው ሰው

ለምስክር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ምክር አንድ ነው፤ የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ፣ ከዚያ አፍህን ያዝ። ቨርጂኒያ ውስጥ በአማርኛ አስተርጓሚነት ስሠራ ጠበቆች ይህንን ኮሪደር ላይ ቆመው ለደንበኞቻቸው ሲያሳስቡ እሰማለሁ፤ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔው ነኝና። የሰዎቹን ጉዳይ ማውጣት ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ቶም ሮቢንሰንን ግን ባነሣው የሚከሰኝ የለም፤ የልብ ወለድ ሰው ነው፤ ነጭ ልጅ ደፍሯል ተብሎ የተከሰሰ ጥቁር።

ዐቃቤ ሕጉ ቶምን በመስቀለኛ ጥያቄ ያፋጥጠዋል። ሳንቲም ሳይከፈልህ፣ የራስህ ሥራ እያለህ፣ የዚህችን ነጭ ልጅ እንጨት ስትፈልጥላትና ውሃ ስትቀዳላት የኖርኸው ስለምንድነው ይለዋል። ቶምም አሳዝናኝ ነው ይላል። በ1930ዎቹ አላባማ ጥቁር ሰው ለነጭ አያዝንም፤ እዚያ ማዘን የበላይ ለበታቹ የሚያደርገው ነገር ነበር። ዐቃቤ ሕጉ መልሱን ቀበል አድርጎ ለጁሪው አስተጋባው። ጁሪ ማለት ከሕዝቡ ተመርጠው ጥፋተኛ ወይም ነጻ የሚሉ 12 ሰዎች ናቸው፤ እዚያ የተቀመጡት ሁሉም ነጭ ወንዶች ነበሩ። አስተርጓሚ በችሎት የሚናገረው ራሱን ምስክሩን ሆኖ፣ “እኔ” እያለ ነው። ያን ዕለት ቶም አጠገብ ብቆም ኖሮ ያ መልስ ከእኔ አፍ ይወጣ ነበር፤ ይህን ሳስብ ምላሴ ይከብደኛል።

መጽሐፉ የሃርፐር ሊ “ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ” ነው። የወጣው በ1960 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ በ1962 ደግሞ ግሪጎሪ ፔክ የቶምን ጠበቃ አቲከስ ፊንችን ሆኖ የተወነበት ፊልም ተሠራለት። አሜሪካ ልጅ የሚያስተምር ሐበሻ መጽሐፉን ከልጁ ቦርሳ ውስጥ ቢያገኘው አይገርመኝም፤ በየትምህርት ቤቱ ያስነብቡታል። ተራኪዋ ስካውት ታሪኩ ሲጀምር ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ወንድሟ ጄም በአራት ዓመት ይበልጣታል። እናታቸው ሞታለች። አባታቸውን “አባዬ” አይሉትም፤ አቲከስ ብለው በስሙ ይጠሩታል። ለእኛ ጆሮ ይጎረብጣል እንጂ ንቀት የለበትም።

ችሎት አገኛለሁ ብሎ መጽሐፉን የከፈተ አንባቢ መጀመሪያ ላይ ሊሰለች ይችላል። ልጆች ከቤቱ ወጥቶ ስለማያውቅ ቡ ራድሊ ስለሚባል ጎረቤት ሲያወሩ፣ ሲፈሩና ታሪኩን ድራማ አድርገው ሲጫወቱ ምዕራፍ በምዕራፍ ይተካል። ሽኮኮ በጥሬው ይበላል ይባላል፤ ሲበላ ያየው ግን የለም። ሰውየው ደግሞ በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ማስቲካ፣ ከሳሙና የተቀረጹ ትንንሽ ምስሎች፣ የማይሠራ ሰዓት ያስቀምጥላቸዋል። እዚህ ላይ የደራሲዋ ብልጠት ይገርመኛል። ነፍስ ያላወቁ ልጆች በወሬ ብቻ በሰው ሲፈርዱ እያየን ፈገግ እንላለን። ያንኑ ፍርድ አዋቂዎቹ ቶም ላይ ሲደግሙት ግን ፈገግታችን ራሱ ያሳፍረናል።

ክሱ ሜዬላ ኢዌል የተባለችውን የ19 ዓመት ነጭ ልጅ አስገድዶ ደፍሯል የሚል ነው። ሐኪም አላያትም። የተመታችው ፊቷን በቀኝ በኩል ነው፤ ፊት ለፊት ቆሞ በቀኝ በኩል የሚመታ ደግሞ ግራኝ ነው። አባቷ ቦብ ኢዌል ስሙን ጻፍ ሲባል በግራ እጁ ይጽፋል። የቶም ግራ ክንድ ግን በ12 ዓመቱ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ውስጥ ገብቶ ሰልሏል። ማስረጃው ሕፃን እንኳ የሚገባው ነው፤ የችሎቱ ሰገነት ላይ የተቀመጡት ልጆችም ገብቷቸዋል።

እኔን የምትይዘኝ ሜዬላ ነች። ቤታቸው ከከተማው ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ነው። ሰባት ታናናሾች አሏት። በአጥሩ ጥግ አሮጌ ዕቃ ላይ ቀይ አበባ ተክላ ትንከባከባለች። ቶምን ለብቻው ለማግኘት ዓመት ሙሉ ሰባት ባለ አምስት ሳንቲም አጠራቀመችና ታናናሾቿን አይስክሬም ግዙ ብላ ከተማ ላከቻቸው። አቀፈችው፣ ሳመችው፤ አባቷ በመስኮት አየ። አቲከስ በችሎት በአክብሮት ሲያናግራት የሚያላግጥባት ይመስላትና ትቆጣለች፤ እንደዚያ አክብሮ የጠራት ሰው አይታ አታውቅም። ደግ የሆነላት ቶም ብቻ ነበር፤ ለሞት አሳልፋ የሰጠችውም እሱን ነው። ሃርፐር ሊ ጥላቻን የክፉዎች ጠባይ ብቻ አድርጋ ልታሳየን ብትፈልግ ኖሮ ቦብ ኢዌል ይበቃት ነበር።

ጁሪው ለሰዓታት ቆይቶ ጥፋተኛ አለው። ይግባኝ እየተጠበቀ ሳለ ቶም የእስር ቤቱን አጥር ሊዘል ሲሞክር ጠባቂዎች ተኩሰው ገደሉት። አካሉ ላይ የተገኘው የጥይት ቀዳዳ 17 ነው።

ስለ ድፍረት ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው የእስር ቤቱን ደጃፍ ነው። ከችሎቱ በፊት በነበረው ሌሊት ሰዎች ቶምን በደቦ ሊገድሉት ይመጣሉ። አቲከስ ወንበር አውጥቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ስካውት ሮጣ መሃላቸው ትገባና የክፍል ጓደኛዋን አባት ሚስተር ካኒንግሃምን ታውቀዋለች፤ ለጥብቅና የሚከፍለው ገንዘብ አጥቶ ማገዶ ያመጣ የነበረ ገበሬ ነው። ልጅህ እንዴት ነው፣ ሰላም በልልኝ ትለዋለች። ሰውየው አፍሮ ሰዎቹን ይዞ ይመለሳል። ስካውትን ጀግና ይሏታል፤ እኔ አልልም። አደጋው አልገባትም ነበር። የገባው አቲከስ ነው። ከላይ በመስኮት ጠብመንጃ ደግኖ ይጠብቀው የነበረው የጋዜጣው ባለቤት ሚስተር አንደርውድ ደግሞ ጥቁሮችን የማይወድ ሰው ነው።

ልብ ወለድ ነው ብለን እንዳንተወው፣ ስኮትስቦሮ አለ። በ1931 እዚያው አላባማ 9 ጥቁር ወጣቶች ባቡር ላይ ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፈሩ ተብለው ተከሰሱ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም ወዲያው ሞት ተፈረደባቸው። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ በ1933 ቃሏን አጠፈች። ዳኛ ጄምስ ሆርተን ማስረጃውን መዝነው በአንደኛው ተከሳሽ ላይ የተሰጠውን ፍርድ ሻሩት፤ በማግስቱ ዓመት በምርጫ ወንበራቸውን አጡ። ስለ ሆርተን ከአቲከስ እኩል ቢወራ ደስ ባለኝ። የደራሲዋ አባትም በሞንሮቪል ከተማ ጠበቃ ነበሩ፤ በ1919 ለሁለት ጥቁር ተከሳሾች ቆመው ሁለቱም ተሰቅለዋል።

አቲከስን የሚነቅፉ ብዙ ናቸው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ጥቁሮቹ ስለ ራሳቸው የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ የነጩ ጠበቃ ጨዋነት ገጹን ሞልቶታል። በ2015 የወጣው፣ ግን ቀድሞ የተጻፈው “ጎ ሴት ኤ ዋችማን” ላይ ደግሞ አቲከስ አርጅቶ የጥቁርና የነጭ እኩልነትን ከሚቃወሙ ሰዎች ጋር ተሰብስቦ እናገኘዋለን። ብዙ አንባቢ ተከፋ። እኔ አልተከፋሁም፤ ከመጀመሪያውም ዓይኔ የነበረው ቶም ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ ግን ስለ ቶም ከእኔ ጋር አትስማማም። መጽሐፉን በትምህርት ቤት አንብባ ስለ ድፍረት ጻፊ ተብላ ነበርና፣ ከሁሉ ደፋሩ ቶም ነው ብላት፣ “ጋሼ፣ ድፍረት አይደለም፣ የዋህነት ነው። ፍርድ ቤቱ እውነት ይሰማል ብሎ ነው” አለችኝ። እንዴት የዋህ ይሆናል? ከኢዌል ቤት የሮጠው እኮ ፍርድ ቤት መቅረቡን ፈርቶ ነው። ሜዬላ ዋሽታለች ወይ ተብሎ ሲጠየቅም ውሸታም አላላትም፤ ተሳስታ ይሆናል አለ። ነጭ ሴትን በችሎት ውሸታም ማለት ምን እንደሚያመጣ የሚያውቅ ሰው ነው። ደግሞም ለምን ረዳሃት የሚለው ጥያቄ ወጥመድ ነበር። ለገንዘብ ነው ቢል ይዋሻል፤ እንዲሁ ነው ቢል እሷን ፈልጎ ነበር ይሉታል። የቀረው እውነቱ ነው፤ እሱንም ተናገረው።

ልጅቷ መጽሐፉን ገልጣ አንድ ቦታ አሳየችኝ። ስካውት እዚያ ላይ፣ ቶም መልሱን እንደሰጠ መሳሳቱ ገብቶት ወንበሩ ላይ እንደተቁነጠነጠ ትናገራለች። “አየህ፣ ከአፉ አምልጦት ነው” አለችኝ። ልክ ነች፣ ተጽፏል። እኔ ግን ያ የስካውት ግምት ነው አልኳት፤ ስምንት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ናት፣ ደግሞ ከሰገነት ነው የምታየው። እህቴ ሻይ ይዛ ገባችና ሁለታችሁም ዝም በሉ አለችን።