ሊኑክስ የላፕቶፕን ዕቃ እንዴት ያውቀዋል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ምርቶች በአብዛኛው የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። በዚህ የተነሳ ኪቦርዱም ስክሪኑም ደህና የሆነ ላፕቶፕ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይጣላል። ለእንዲህ ያለው ላፕቶፕ ሊኑክስ ሁነኛ አማራጭ ነው። ብዙ ሰው ግን ዋይፋዩ እምቢ ቢለኝስ ብሎ ይፈራል። አሠራሩን ያወቀ ሰው ግን የሚፈራበት ምክንያት እምብዛም የለውም።

የሊኑክስ እምብርት ከርነሉ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ሥራውን ይፋ አደረገ። ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ሚንትና ዴቢያን መልካቸው ቢለያይም ከሥራቸው ያለው ይኸው ከርነል ነው። ዕቃውን ከከርነሉ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል፤ አብዛኛው ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለእያንዳንዱ ዕቃ ከየድረ ገጹ እየፈለጉ ማውረድ አያስፈልግም።

በላፕቶፑ ውስጥ ያሉት ዋና ዋና ዕቃዎች ሁለት መለያ ቁጥር ይዘው ከፋብሪካ ይወጣሉ፤ አንዱ የሠሪው፣ ሌላው የሞዴሉ ነው። የኢንቴል መለያ 8086 ሲሆን ኩባንያውን ያስጠራው ፕሮሰሰርም የሚታወቀው በዚሁ ቁጥር ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ ከርነሉ ቁጥሮቹን ያነባል። እያንዳንዱ ድራይቨር የሚያስተናግዳቸውን ቁጥሮች ዝርዝር ስለያዘ፣ ቁጥሩ የተገኘበት ድራይቨር ተጠርቶ ሥራውን ይጀምራል።

አንዳንድ ዕቃ ግን ድራይቨር ብቻ አይበቃውም። የዋይፋይ ካርድ በውስጡ የራሱ ትንሽ ፕሮሰሰር አለው፤ ይህ ፕሮሰሰር የሚሠራበት ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር ከዲስኩ ላይ ይጫንለታል። ፈርምዌሩ ከጠፋ ድራይቨሩ ቢኖርም ካርዱ ኔትወርክ አያገኝም። ዴቢያን ኮዳቸው ክፍት ያልሆነ ፈርምዌሮችን ለረጅም ጊዜ ከመደበኛው መጫኛው ውጭ ሲያደርግ ኖሮ፣ አባላቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጥተውበት፣ በ2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ አብረው እንዲመጡ አድርጓል።

ችግር ቢያጋጥም መነሻው ትዕዛዝ የሚጻፍበት ተርሚናል ነው። ኤልኤስፒሲአይ የሚባለውን ትዕዛዝ ሰረዝና ኬ ጨምረው ሲጽፉ ዕቃዎቹ በተራ ይዘረዘራሉ፤ ከእያንዳንዱም ሥር የያዘው ድራይቨር ስም ይታያል። ከዋይፋይ ካርዱ ሥር የድራይቨር ስም ከሌለ የጎደለው ድራይቨር ነው። ስሙ ኖሮ ዋይፋዩ ካልሠራ፣ ዲመስግ የተባለው ትዕዛዝ የከርነሉን መዝገብ ያወጣል፤ ያልተገኘ ፈርምዌር ካለ የፋይሉ ስም እዚያው ተጽፎ ይገኛል። በቆዩ ላፕቶፖች ላይ ያሉ አንዳንድ የብሮድኮም ካርዶች ተጨማሪ ጥቅል ይፈልጋሉ። ያለ ዋይፋይ እንዴት ላውርደው ለሚል፣ ስልኩን በዩኤስቢ ኬብል ሰክቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት ይበቃል።

ከሁሉ የሚሻለው ሳይጭኑ መሞከር ነው። ሊኑክስን ፍላሽ ላይ ጽፎ ላፕቶፑን ከፍላሹ ማስነሳት ይቻላል፤ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል አይነካም። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ የብርሃን ቁልፎቹን ይፈትሹ። ክዳኑን ዘግተው ይክፈቱና ከእንቅልፉ በደንብ መንቃቱንም ይዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ይኸኛው ነው። አንዳንድ የጣት አሻራ አንባቢዎችም ድራይቨር የላቸውም። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ኤም17ኤን የተባለው የኪቦርድ ስብስብ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ወደ ግዕዝ ፊደል የሚቀይር ዘዴ ይዟል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዙ ከሆነም ፍላሹን ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ በፍላሹ እንዲያስነሳልዎ ይጠይቁ፤ ሒሳቡን የሚከፍሉት ከዚያ በኋላ ይሁን።