መረብን በቃለ ትእዛዝ መዘርጋት

አንድ መሐንዲስ ድልድይ ሊሠራ፣ የአውሮፕላን ክንፍ ሊቀርጽ ወይም የግድብ ግንብ ሊያቆም በተነሣ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፣ ሸክሙ ባረፈበት ሰዓት በቁሱ ሆድ ውስጥ የሚነሣው ውጥረት የት ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚበረታ ነው፤ ይህንንም ለማወቅ የሚያስችሉት የሒሳብ ሕግጋት ከአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ጀምሮ ተጽፈው የኖሩ ቢሆኑም፣ ቅርጹ ቀዳዳና ማእዘን፣ ጥምዝና ስርጉድ የበዛበት እንደ ሆነ እኩልዮሾቹ በብዕርና በወረቀት የሚፈቱ አይደሉም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ያገኙት መላ፣ መላውን አካል ቅርጻቸው በታወቀ ትንንሽ ክፍሎች መከፋፈል፣ በያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ቀላል ግምት ማድረግ፣ ከዚያም ክፍሎቹ በሚገናኙበት ነጥብ ሁሉ ኃይላቱ እንዲመዛዘኑ በማስገደድ የመላውን አካል ጠባይ መልሶ መሰብሰብ ሆነ። ዘዴው ፋይናይት ኤለመንት፣ ትንሹ ክፍል ኤለመንት፣ መገናኛው ነጥብ ኖድ፣ ሁሉም ተያይዘው የሚሠሩት ደግሞ መረብ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ነገርም ስለ መረቡ ነው፤ በተለይም በማውስ እየጎተቱ በመሣል ሳይሆን፣ የግብዓት ፋይል በሚባለው የጽሑፍ ሰነድ ውስጥ በሚሰፍሩ አጫጭር ትእዛዛት መረቡን ስለ መዘርጋት ጥበብ ነው።

የዘዴው ታሪክ ረጅም አይደለም። ጀርመን ተወልዶ በስደት ወደ ኒው ዮርክ የሄደው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ኩራንት በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የሚጠመዘዝ ዘንግ የሚያሳየውን ጠባይ ለማስላት የዘንጉን ቁርጥ ፊት በሦስት ማእዘኖች ከፋፍሎ ነበር፤ ነገር ግን የስሌቱን ብዛት የሚሸከም ኮምፒዩተር በዘመኑ ስላልነበረ ሐሳቡ ለጊዜው ፍሬ ሳያፈራ ቆየ። ከዚያ በኋላ ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ የተባሉ አራት መሐንዲሶች፣ በቦይንግ ፋብሪካ የአውሮፕላን ክንፍ ግትርነት በሚጠናበት ሥራ ላይ የደረሱበትን የአሰላል ሥርዓት በ1956 ለዓለም ገለጡ፤ ከአራቱም አንዱ የሆነው ሬይ ክላፍ በ1960 ባቀረበው ጽሑፍ ዛሬ የምንጠራበትን ስም አወጣለት።

በዚያ ዘመን መረብ የሚሠራው በእጅ ነበር። መሐንዲሱ ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት ላይ ከነደፈ በኋላ መስመሮቹን በማስመሪያ ያሰምራል፣ ኖዶቹን አንድ ባንድ ይቈጥራል፣ የያንዳንዱን ኖድ ርቀት ከሥዕሉ ላይ ለክቶ ያነብባል፣ ከዚያም ቍጥሮቹ ሁሉ በካርድ ላይ እየተበሱ ለማሽኑ ይቀርባሉ። ካርዱ 80 ዓምዶች ነበሩት፤ በ1960ዎቹ የአሜሪካው የጠፈር መሥሪያ ቤት ናሳ ያሠራው ናስትራን የተባለው ፕሮግራም እነዚህን ዓምዶች እያንዳንዱ 8 ዓምድ ወዳለው 10 ክፍል መድቦ ስለ ነበር፣ ካርዱ ዛሬ ወደ ቤተ መዘክር ከገባ በኋላ እንኳ የናስትራን የግብዓት ፋይል በዚያው ልክ ሲጻፍ ይታያል። በሺህ የሚቈጠሩ ኖዶችን በዚህ አኳኋን መመዝገብ አሰልቺ ከመሆኑም በላይ ለስሕተት የተጋለጠ በመሆኑ፣ ከዚህ ድካም የተነሣ እያንዳንዱን ቍጥር መጻፍ ቀርቶ ቍጥሮቹን የሚያስገኘውን ሕግ ብቻ የመጻፍ ልማድ ተወለደ።

ይህ ልማድ ምን እንደሚመስል በግልጥ ለማየት፣ በ1978 በአሜሪካ የተመሠረተ ኩባንያ ያወጣውን አባከስ የተባለውን ፕሮግራም እንውሰድ፤ በዚህ ፕሮግራም የግብዓት ፋይል ውስጥ ትእዛዝ የሚሰጥበት መስመር ሁሉ በኮከብ ምልክት ይጀምራል፣ ከሥሩም ትእዛዙ የሚፈልጋቸው አኃዞች ይከተላሉ። ለምሳሌ የምንመረምረው ጎኑ 200 ሚሊሜትር የሆነ አራት ማእዘን የብረት ላሜራ ይሁን፤ በመካከሉ 10 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ቀዳዳ አለው፤ ከላይና ከታችም እኩል ይጎተታል። ይህን ምሳሌ የመረጥሁት ጀርመናዊው መሐንዲስ ኪርሽ በ1898 ወሰን የሌለው ላሜራ እንዲህ በተጎተተ ጊዜ በቀዳዳው ጎንና ጎን የሚነሣው ውጥረት ከሩቁ ውጥረት ሦስት እጥፍ እንደሚሆን በሒሳብ ስላስረዳ፣ መረባችን እውነት መናገሩንና አለመናገሩን የምንመዝንበት ሚዛን አስቀድሞ በእጃችን ስላለ ነው።

ላሜራው በግራና በቀኝ፣ በላይና በታች አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ሩቡን ብቻ መሥራት ይበቃል። በመጀመሪያ «ኖድ» በተባለው ትእዛዝ የማእዘኖቹን ነጥቦች ብቻ እንጽፋለን፤ ከቀዳዳው ጠርዝ በአግድሙ መስመር ላይ ያለው ኖድ 1፣ በቀጥታ ወደ ላይ ያለው ኖድ 17፣ በውጭው ጠርዝ ደግሞ 1201፣ 1209 እና 1217 ይሆናሉ። «ኤንጄን» የተባለው ትእዛዝ በሁለት የታወቁ ኖዶች መካከል ያሉትን ሁሉ ይወልዳል፤ በ1 እና በ17 መካከል መስመሩ የክብ ቅስት እንዲሆን ነግረን የክቡን መካከል ብናመለክተው፣ አሥራ አምስቱን ኖዶች በትክክል በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይደረድራቸዋል፤ የውጭውንም ጠርዝ በሁለት ቀጥተኛ መስመሮች እንደዚሁ ያሟላል። ከዚህ በኋላ «ኤንፊል» የተባለው ትእዛዝ ከውስጠኛው ረድፍ እስከ ውጨኛው ረድፍ ያለውን ባዶ ስፍራ በ12 እርከን ይሞላል፤ በያንዳንዱ እርከንም የኖዱ ቍጥር በ100 ይጨምራል።

የቍጥሩ አመራረጥ በከንቱ አይደለም። ከኖድ 1 ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው 101፣ 201፣ 301 እያለ ይሄዳል፤ በቀዳዳው ዙሪያ የሚሄድ ደግሞ 1፣ 2፣ 3 ይላል፤ ስለዚህ 705 የሚለውን ቍጥር ያየ ሁሉ ሥዕል ሳይገልጥ ከቀዳዳው ጠርዝ ሰባት እርከን የራቀ፣ ከአግድሙ መስመር አምስተኛ የሆነ ኖድ መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ኖዶቹ ከተሰናዱ በኋላ አንዲት ኤለመንት ብቻ በእጅ ትጻፋለች፤ እርስዋም ኖድ 1፣ 101፣ 102 እና 2ን በሰዓት ዘወርታ ተቃራኒ አቅጣጫ የምታያይዘው አንደኛዋ ናት። ከዚያ «ኤልጄን» የተባለው ትእዛዝ ተጽፎ በሥሩ «1፣ 16፣ 1፣ 1፣ 12፣ 100፣ 100» የሚል መስመር ይሰፍራል፤ ትርጓሜውም፦ አንደኛይቱን ኤለመንት አብነት አድርገህ፣ የኖዱንም የኤለመንቱንም ቍጥር በ1 እየጨመርህ በዙሪያው 16 አድርጋቸው፣ ይህንም ረድፍ በ100 እየጨመርህ ወደ ውጭ 12 ጊዜ ድገመው ማለት ነው። መሪጌታው አንዱን ሐረግ ሲመራ ማኅበሩ ተቀብሎ በቅኝቱ ሕግ እንደሚያዳርሰው ሁሉ፣ ማሽኑም ከአንዲቱ ኤለመንት 192 ኤለመንቶችን፣ ከአምስት የተጻፉ ኖዶችም 221 ኖዶችን ያወጣል። መሪው የሳተ እንደ ሆነ ግን ስሕተቱም በዚያው ልክ ይባዛል፤ የመጀመሪያይቱ ኤለመንት ኖዶች በተገላቢጦሽ ቢጻፉ፣ መቶ ዘጠና ሁለቱም የተገለበጡ ይሆናሉ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ድርደራው ነው፤ የመሐንዲሱ ዕውቀት የሚፈተነው ግን እርከኖቹን በየት ማጥበቅ በየትስ ማላላት እንደሚገባ በሚወስንበት ጊዜ ነው። ውጥረት በቀዳዳው ጠርዝ አጠገብ በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ በብርቱ ይለዋወጣል፣ ከጠርዙ በራቀ ቍጥር ግን ይረጋጋል። «ኤንፊል» ይህን ለማስተናገድ አድልዎ የሚሰጥበት ቦታ አለው፤ በዚያ ላይ 0.8 የሚል አኃዝ ቢጻፍ እርከኖቹ ወደ ውስጠኛው ረድፍ ይሰበሰባሉ፣ በአግድሙ መስመር ላይም የመጀመሪያው እርከን ወደ 1.7 ሚሊሜትር ሲጠጋ የመጨረሻው ከ19 ሚሊሜትር ያልፋል። በዚህ ዓይነት የኤለመንቶቹ ብዛት ሳይጨምር ጥራታቸው በሚያስፈልግበት ስፍራ ይከማቻል። ሌሎችም ሥርዓቶች አሉ፤ ኤለመንት ከመጠን በላይ መርዘም ወይም ማእዘኑ መጣመም የለበትም፣ ጎረቤታሞች ኤለመንቶችም በሚነካኩበት ጎን ኖዶቻቸውን በሙሉ ሊጋሩ ይገባል። ሁለት ኖዶች በአንድ ቦታ ላይ ቢያርፉና ቍጥራቸው የተለያየ ቢሆን፣ በሥዕል ሲታይ አንድ የሚመስለው ብረት ለማሽኑ በዚያ ላይ የተሰነጠቀ ነው።

ይህ ሁሉ ከተጠበቀ በኋላም እንኳ የመጀመሪያው ውጤት ለብቻው አይታመንም። የኤለመንቶቹን ጎን በግማሽ ማሳነስ፣ ይኸውም በምሳሌያችን 16ን ወደ 32፣ 12ንም ወደ 24 አሳድጎ ኤለመንቶቹን 768 ማድረግና ስሌቱን መድገም ያስፈልጋል፤ ሁለቱ መልሶች ከተቀራረቡ መረቡ በቂ ነው፣ ከተራራቁ ግን ገና ነው። ውፍረት ባለው አካል እንዲህ ያለው ማጥበቅ የኤለመንቱን ብዛት ስምንት እጥፍ ስለሚያደርገው፣ ለጥንቃቄ የሚከፈለው የጊዜና የገንዘብ ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ዋጋውን አለመክፈል ምን እንደሚያስከትል በኖርዌይ የደረሰው አደጋ ይመሰክራል።

በሰሜን ባሕር 82 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ ሊቆም የታቀደው ስላይፕነር ኤ የተባለው የጋዝና የነዳጅ ማውጫ መድረክ፣ 24 ክፍሎች ባሉት በትልቅ የኮንክሪት መሠረት ላይ የሚያርፍ ነበር። ነሐሴ ወር 1991 በ23ኛው ቀን፣ መሠረቱ በስታቫንገር አጠገብ ባለ ፊዮርድ ውስጥ ለሙከራ ወደ ታች በሚጠልቅበት ጊዜ፣ ክብ ክፍሎቹ በሚገናኙበት በሦስት ማእዘኑ ክፍተት ያለው ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ውሃው ከመቅጃ ማሽኖቹ አቅም በላይ ስለ ገባ መሠረቱ ሰምጦ ከ200 ሜትር በላይ ከሚጠልቀው ወለል ጋር ሲጋጭ ያስነሣው ነውጥ በመሬት መንቀጥቀጥ መሣሪያዎች 3.0 ሆኖ ተመዘገበ፤ ጥፋቱም በጠቅላላው ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ምርመራው እንዳሳየው ስሌቱ የተሠራው በናስትራን ሲሆን ፕሮግራሙ የተሰጠውን በትክክል አስልቷል፤ ነገር ግን በግድግዳዎቹ መጋጠሚያ ላይ የተዘረጋው መረብ የሳሳና ኤለመንቶቹም የተጣመሙ ስለ ነበሩ፣ ግድግዳውን ሊቈርጠው የሚታገለው ውጥረት በ47 በመቶ አንሶ ታየ፤ የብረት ዘንጎቹም አያያዝ በዚያ ስፍራ በቂ ስላልነበረ ጉድለቱ ተደራረበ። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተደገመው ስሌት ግድግዳው በ62 ሜትር ጥልቀት እንደሚሰበር አመለከተ፤ በእርግጥም የተሰበረው በ65 ሜትር ግድም ነበር።

ዛሬ መረብን በራሱ የሚዘረጋ ፕሮግራም ሞልቷል። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ቦሪስ ዴሎኔ በ1934 ያስተማረው ሕግ፣ ይኸውም በያንዳንዱ ሦስት ማእዘን ዙሪያ በሚሣለው ክብ ውስጥ ሌላ ነጥብ እንዳይገባ የሚያዘው ሥርዓት፣ ለብዙዎቹ መሠረታቸው ነው፤ የሞተር አካልን የመሰለ ውስብስብ ቅርጽም በእነዚህ ካልሆነ በ«ኤንፊል» እና በ«ኤልጄን» ብቻ አይደፈርም። ቢሆንም ቤልጅጋውያኑ ክሪስቶፍ ገዜንና ዣን ፍራንስዋ ረማክል ያወጡት ጂሜሽ የተባለው ነጻ ፕሮግራም፣ መስኮትና ማውስ እያለው ቅርጹንና የኤለመንቱን መጠን በጽሑፍ ትእዛዝ መቀበሉን አልተወም፤ መጠኑን በያንዳንዱ ነጥብ ላይ መጻፍ፣ በአንድ መስመር ላይ ስንት ክፍል እንደሚሆንና በምን አድልዎ እንደሚሰበሰብ ማዘዝም ይቻላል።

የዚህ ምክንያቱ ለአሮጌ ልማድ መሳሳት አይደለም። በማውስ የተጎተተ መረብ ውጤቱን እንጂ ውሳኔውን አያስቀምጥም፤ የተጻፈው ትእዛዝ ግን መሐንዲሱ በየት እንደ ተጠነቀቀና በየት እንደ ደፈረ በአኃዝ ይዞ ይቆያል፣ ሌላውም ሰው ከዓመታት በኋላ አንብቦ ሊተቸውና አንዱን ቍጥር ለውጦ ሊፈትነው ይችላል። ስለዚህ የውጥረት ስሌት የቀረበለት ኃላፊ በልዩ ልዩ ቀለማት የተሸለመውን ሥዕል ከማድነቁ በፊት የግብዓት ፋይሉ እንዲመጣለት ይዘዝ፤ አደጋ በሚፈራበት ማእዘን ላይ ስንት እርከን እንደ ተዘረጋ ይጠይቅ፤ መረቡ በእጥፍ በጠበቀ ጊዜም መልሱ ስንት እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ሁለተኛው መልስ ከሌለ ግን የመጀመሪያውን ገና እንዳልተሠራ ይቍጠረው።