ያልተጫረ ፓራውልት ስለ አንገት አይመሰክርም

ባሕር ማዶ መኪና የሚነዳ ሰው አንድ ምክር ሳይደርሰው አይቀርም፤ «ከኋላ ከገጩህ አንገትህን ይዘህ ውረድ፤ የቀረውን ጠበቃው ይጨርሰዋል» የሚል። ከፋዩ ወገን ደግሞ የራሱ መልስ አለው፤ «ፓራውልቱ እንኳ አልተጫረም፤ አንገቱ በምን ተአምር ይጎዳል?» ሁለቱም በልበ ሙሉነት ይነገራሉ። የመጀመሪያው ወንጀል ስለሆነ ፍርድ ቤት ይየው። ሁለተኛው ግን ግልጽ የፊዚክስ ስሕተት ነው፤ በመድን ሠራተኞች፣ በጋዜጠኞች፣ አልፎ አልፎም በሐኪሞች አፍ ሲደጋገም ዝም ማለት አይቻልም።

ጉዳዩ በተለምዶ ዊፕላሽ ይባላል። መኪና በተለይ ከኋላ ሲገጭ በአንገት ጡንቻ፣ ጅማትና መገጣጠሚያ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። ብዙ ሰው በቀናት ወይም በሳምንታት ይሻለዋል። ራጅም ሆነ ኤምአርአይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳይም። ውዝግቡ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ የሚዋሸውም በእውነት የሚያመውም ሰው ይዘው የሚቀርቡት ማስረጃ አንድ ነው፤ «ያመኛል» የሚል ቃል።

ወደ ፓራውልቱ እንምጣ። በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። ተመሳሳይ ክብደት ያለው መኪና በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከኋላ ይገጭዎታል። ሁለቱ መኪኖች ተጨማደው ተጣብቀው ቢቀሩ ኖሮ የእርስዎ መኪና የሚያገኘው ፍጥነት 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆን ነበር። ፓራውልቶቹ ሳይታጠፉ ነጥረው ከተላቀቁ ግን ወደ 8 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የሚጨመደድ ብረት የግጭቱን ጉልበት ይበላል፤ ያልተጨመደደው ወደ ወንበሩ ያሳልፈዋል። ያ 8 ኪሎ ሜትር በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ሲመጣ፣ ወንበሩ ሰውነትዎን የሚገፋው በአማካይ ከገዛ ክብደትዎ 2 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ነው። ፓራውልት የተሠራው ደግሞ በዝግታ ሲገጭ እንዳይበላሽ ነው። የአሜሪካ ደንብ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ ግጭት እንዲችል ያስገድደዋል። ደንቡ የወጣው የጥገና ወጪ ለመቀነስ እንጂ አንገትን ለመለካት አይደለም።

በዚያች 0.1 ሰከንድ ውስጥ አንገት ምን ይሆናል? ለረጅም ጊዜ የተለመደው መልስ ራስ ወደ ኋላ ተወርውሮ አንገት ከልክ በላይ ይታጠፋል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዬል ዩኒቨርሲቲ የማኖሃር ፓንጃቢ ቡድን የሬሳ አንገቶችን በመንሸራተቻ ላይ አስሮ፣ እንደ ግጭት እየገፋ፣ በፈጣን ካሜራ ቀረጻቸው። ያየው ሌላ ነገር ነበር። መጀመሪያ ላይ ራስ የትም አይወረወርም፤ ባለበት ይቀራል። አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሾፌሩ በድንገት ሲነሣ እግሩ ቀድሞ ደረቱ ወደ ኋላ እንደሚቀረው ሁሉ፣ እዚህም ደረት በወንበሩ ተገፍቶ ወደ ፊት ሲሄድ ራስ ገና አልተነቃነቀም። በመካከላቸው ያለው አንገት በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ ታችኛው ክፍሉ ወደ ኋላ፣ ላይኛው ወደ ፊት። አንገቱ በጥቅሉ ሲታይ ከተለመደው ልክ አላለፈም። ታች ያሉት መገጣጠሚያዎች ግን ለብቻቸው ልካቸውን አልፈዋል። ራስ ወደ ኋላ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ጉዳቱ የት እንደሚያርፍ ማየት ያስፈልጋል። በአንገት አከርካሪዎች ጀርባ፣ በግራና በቀኝ፣ ፋሴት የሚባሉ ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። ራሳችንን ስናዞርና ስናጎነብስ አንዱ ገጽ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። አንገት በሁለት ቦታ በታጠፈባት ቅጽበት ግን ታችኞቹ አይንሸራተቱም፤ የኋላ ጠርዛቸው ይቆነጠጣል፣ ፊታቸው ይከፈታል፣ የሸፈናቸው ስስ ከረጢት ይለጠጣል። ያ ከረጢት የሕመም ነርቭ የሞላበት ነው። ጡንቻ ለምን አይከላከልም? ጊዜ ስለሌለው ነው። ላልጠበቀ ሰው ትእዛዙ ደርሶት ጡንቻው ሙሉ ጉልበቱን እስኪያወጣ ድረስ ነገሩ አልፏል። ኤምአርአይ እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ቁስል አይለይም።

ይህ የወረቀት ግምት ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ የኒኮላይ ቦግዱክ ቡድን ለረጅም ጊዜ በአንገት ሕመም የተሠቃዩ የአደጋ ተጎጂዎችን ፋሴት ነርቮች በማደንዘዣ እየዘጋ ፈተነ፤ በግማሽ ያህሉ ሕመሙ የሚመነጨው ከዚያ ነበር። በ1996 ደግሞ 24 ታማሚዎችን ለሁለት ከፈለ። የግማሾቹ ነርቭ በሙቀት ተቃጠለ፤ ለቀሩት መርፌው ገባ እንጂ ሙቀት አልተለቀቀም። የትኛው እንደተደረገለት ታማሚው አያውቅም ነበር። በሐሰት ከታከሙት ግማሽ ያህሉ በ8 ቀን ውስጥ ሕመማቸው ተመለሰ። በእውነት በታከሙት ዘንድ ግማሾቹ እስኪመለስባቸው 263 ቀን አለፈ። የውሸት ሕመም እንዲህ ላለው ልዩነት አይገዛም።

ይሁን እንጂ የፊዚክሱን ማብራሪያ የምንወድ ሰዎች ማመን ያለብን ነገር አለ፤ የግጭቱ ጉልበት ብቻ ዓመታት የሚዘልቀውን ሕመም አያብራራም። በጀርመን በተደረገና በ2001 በታተመ ጥናት 51 ፈቃደኞች ከኋላ እንደተገጩ እንዲያምኑ ተደረገ፤ አንገታቸው ላይ ያረፈ የረባ ግፊት ግን አልነበረም። ሆኖም በ3 ቀን ውስጥ ከ5ቱ አንዱ ያህል ሕመም ተሰማው። እነዚህ ሰዎች አልዋሹም፤ ካሳም አልጠየቁም። በ1996 የወጣው የሊትዌኒያ ጥናት ደግሞ በካውናስ ከተማ ከኋላ የተገጩ 202 ሰዎችን ከ1 እስከ 3 ዓመት ቆይቶ ካልተገጩ የከተማው ነዋሪዎች ጋር አነጻጸረ። ሥር የሰደደ የአንገት ሕመም በሁለቱም ዘንድ ተመሳሳይ ነበር። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ መድን አልነበራቸውም፤ የተገጨ አንገት ለዓመታት ያማል የሚል ወሬም እምብዛም አልሰሙም።

የመድን ጠበቆች ይህን ጥናት እንደ ማስረጃ ሁሉ መደምደሚያ ያቀርቡታል። አይደለም። ከተጠኑት ብዙዎቹ ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶች ደግሞ ለዚህ ጉዳት ይበልጥ እንደሚጋለጡ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከአደጋው ማግስት አንገቱን ያመመው ሰውም ጥቂት ስለነበር ጥናቱ ሥር የሰደደውን ሕመም ለመለየት ትንሽ ነበር። የካናዳዋ ሳስካችዋን ጥንቃቄ የሚሻ ሌላ ምሳሌ ናት። ክፍለ ግዛቲቱ ከጥር 1995 ጀምሮ ለሕመምና ለሥቃይ ይከፈል የነበረውን ካሳ ስታስቀር የዊፕላሽ ጥያቄ 28 በመቶ ወረደ። ፋይል ለመዘጋት ይወስድበት የነበረው 433 ቀን ወደ 200 ቀን ገደማ አጠረ። የተዘጋ ፋይል የዳነ አንገት ማለት አይደለም። ክርክር የሚያስረዝመው ሕመም መኖሩን ግን መካድ አይቻልም፤ ሕመምህን አስረዳ እየተባለ በየወሩ የሚጠየቅ ሰው ሕመሙን ለመርሳት ፋታ አያገኝም።

አጭበርባሪዎቹስ? አሉ። በ1993 በኒው ጀርሲ መርማሪዎች ሆን ብለው በአውቶቡሶች ላይ ቀላል ግጭት አዘጋጅተው ድብቅ ካሜራ ተከሉ። ከግጭቱ በኋላ ከመንገድ ሮጠው አውቶቡሱ ውስጥ እየገቡ ተሳፋሪ ነበርን ያሉ ሰዎች ተቀረጹ። በብሪታንያም ሆን ብሎ ፍሬን እየያዙ ከኋላ ማስገጨት የተደራጀ ንግድ ሆኗል። ሒሳቡን የሚከፍለው አረቦኑ የሚጨምርበት ሾፌር ሁሉ ነው፤ ለእንጀራው የሚነዳውን ደግሞ ይበልጥ ይጎዳዋል። እንግሊዝና ዌልስ ከግንቦት 2021 ጀምሮ ካሳውን በሰንጠረዥ ወሰኑት። ከ3 ወር ላልበለጠ የአንገት ጉዳት ያኔ 240 ፓውንድ ተቆረጠ፤ የሐኪም ማስረጃ ሳይታይ ገንዘብ ሰጥቶ መገላገልም ተከለከለ። ማስረጃውን ማስገደዱ ተገቢ ነው። በእውነት ለወራት ያመመው ሰው በሌላ ሰው ውሸት የተነሣ እንዲህ ያለ ሳንቲም መቀበሉ ግን ፍትሕ አይመስለኝም። በአሜሪካም ከ1990ዎቹ ወዲህ ትላልቅ መድን ሰጪዎች መኪናው ብዙም ያልተጎዳበትን ጥያቄ ሁሉ እስከ ፍርድ ቤት የመታገል ልማድ ይዘዋል፤ መነሻቸው ያው የፓራውልት ሒሳብ ነው።

ስለዚህ ከኋላ ከተገጩ፣ ካላመመዎት አመመኝ አይበሉ። ካመመዎት ደግሞ መኪናው ደኅና ነው ብሎ ማንም እንዲያፍንዎት አይፍቀዱ፤ በዚያው ሰሞን ሐኪም ዘንድ ቀርበው በጽሑፍ ያስመዝግቡ። ክንድዎ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ወይም አንገትዎን ወደ ግራና ቀኝ ማዞር ካቃተዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። ምንም ከባድ ነገር የለም ከተባሉ አንገትዎን ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱ፤ በኮሌታ ታስሮ መክረም ማገገምን ያዘገያል። ወጌሻ ዘንድ ሄደው አንገትዎን አያስጠምዝዙ። ዛሬ ደግሞ መኪናዎ ውስጥ ሲገቡ የወንበሩን የራስ መደገፊያ ጫፉ ከራስዎ አናት ጋር እኩል እስኪሆን ከፍ ያድርጉት፤ ከራስዎ ጀርባ ያለው ክፍተትም ከ7 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ።