ከሜዳው ውጪስ? ስደተኛና ነባር ነዋሪን የማቀራረብ ሙከራዎች

የያኔዋ የጀርመን መራሂተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2015 «እንወጣዋለን» ካሉ ዐሥር ዓመት አለፈ። በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 890 ሺህ ጥገኝነት ጠያቂዎች ጀርመን ገብተዋል። የአገሪቱ የሥራ ገበያ ጥናት ተቋም እንዳሰላው፣ ያኔ ከገቡት ስደተኞች 64 በመቶው በ2024 ሥራ ላይ ነበሩ፤ ከወንዶቹ 76፣ ከሴቶቹ 35 በመቶ። ያም ሆኖ ስደተኛን በመቃወም የገነነው «አማራጭ ለጀርመን» ፓርቲ በ2025ቱ ምርጫ ሁለተኛ ወጣ። ሥራ መያዝና ጎረቤት መሆን ለየቅል ናቸው።

መንግሥታት ብዙ ሞክረዋል። ጀርመን ከ2005 ጀምሮ የ600 ሰዓት የቋንቋ ትምህርት ትሰጣለች፤ ጥቅሙ ብዙም አያከራክርም። ዴንማርክ በ2018 «ጌቶ» ብላ በፈረጀቻቸው ሰፈሮች ሕፃናት ከአንድ ዓመታቸው ጀምሮ በሳምንት 25 ሰዓት መዋያ እንዲገቡ ደነገገች፤ እምቢ ያለ ወላጅ ድጎማው ይቆማል። ሰፈሩን በስድብ ስም እየጠሩ ነዋሪውን ከእኛ ተቀላቀል ማለት አያስኬድም። ካናዳ ግን ከ1979 አንስቶ እስከ 2024 ዜጎች አምስትም ከዚያም በላይ ሆነው ስደተኛ ቤተሰብ ለማስመጣት እንዲያመለክቱ ትፈቅድ ነበር። ዜጎቹ ቤት ይፈልጉ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገቡ፣ ዓመት ያህል ወጪ ይሸፍኑ ነበር፤ ስደተኛው ሲቸግረውም የሚደውለው ለእነሱ ነበር። ከሦስቱ ይሄኛው ይሻላል።

ዋናው ክርክር መቀራረብ በራሱ ይጠቅማል ወይ የሚለው ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 አዎ አለ፤ ግን በእኩልነት፣ ለጋራ ዓላማና በባለሥልጣናት ድጋፍ ሲሆን። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ሮበርት ፑትናም ደግሞ ወደ 30 ሺህ አሜሪካውያንን ባካተተው የ2007 ጽሑፉ፣ ብዝኃነት በበዛበት ሰፈር ሰው የገዛ ወገኑን እንኳ ማመን እንደሚቀንስ ገለጸ። የስደት ተቃዋሚዎች ይህን ይመዛሉ፤ በረጅም ጊዜ ይስተካከላል ማለቱን ይዘሉታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የተመራማሪዋ ሳልማ ሙሳ ሙከራ ነው። በሰሜን ኢራቅ፣ አይሲስ ላፈናቀላቸው ክርስቲያኖች በተዘጋጀ የእግር ኳስ ሊግ፣ በዕጣ ለተመረጡ ቡድኖች ሙስሊም ተጫዋቾች ተጨመሩ። ውጤቱ በ2020 ታተመ። የተቀላቀሉት ከወራት በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ይለማመዱ ነበር፤ ሙስሊሞች ወደሚበዙባት ሞሱል ሄዶ ምግብ ቤት መብላት ላይ ግን ካልተቀላቀሉት እምብዛም አልተለዩም።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። የ2019ኙ የስደተኞች አዋጅ በሕግ የመሥራት መብት ሰጥቷል፤ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ቁጥር ከነዋሪው በሚቀራረብባት ጋምቤላ ግን ማገዶውም መሬቱም ያሻማል። የወዳጅነት ጨዋታ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች ከዋንጫው ፎቶ ይለፉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ገበያውንና ትምህርት ቤቱን ሄደው ይዩ፣ ቀጣዩንም በጀት በዚያ ይመዝኑ።