ከሱስ ለመውጣት እንጦጦ ማርያም ጸበል ልትገቡ ነው? ይቺን አንብቡ

"ጸበል ብገባ ሱስ ይለቀኛል?" ብላችሁ በውስጥ መስመር ትጠይቁናላችሁ። እንጦጦ ማርያም ጫትም አረቄም አልለቅ ያላቸው ወጣቶች ይወጣሉ፤ አንዳንዱ እዚያው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ሱባዔ ይይዛል።

ጫት የቃመ ያውቀዋል፣ ከባዱ ከምሳ በኋላ ያለው የበርጫ ሰዓት ነው። እዚያ ግን ሌሊት ተነስቶ መጠመቅ አለ፣ ጾምና ስግደት አለ፣ ለንስሐ አባት የሆድን መናገር አለ። የበርጫ ጓደኛም አጠገብ የለም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ጫት ሲቆም ዱካኩ ያስጨንቃል እንጂ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። አልኮል ግን ይለያል። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ይቃዣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል። ቤተሰብ "መንፈሱ ጮኸ" ይላል፤ ልጁ ግን ሊሞት ይችላል። ለዚህ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት አለ።

ስለዚህ ጠጪ ከሆናችሁ ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም እዩ፣ ከዚያ ጸበላችሁን ቀጥሉ። "መድኃኒት እምነት ማጣት ነው" የሚላችሁ ካለ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸውን ንገሩት።

አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ስትሄዱ ጸበል ላይ መሆናችሁን ለሐኪሙ አትደብቁ፣ በተለይ የምትጾሙ ከሆነ።