ስለ ስልክ መሥመር አጠባበቅ

ቃል የሚሄድበት መንገድ እንደ ድልድይና እንደ ጐተራ ኹሉ ጠባቂ የሚያስፈልገው የመንግሥት ሀብት ነው። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር ተቀምጠው በጋፋት መድፍ ባሠሩበት ዘመን ቃል የሚሄደው በመልእክተኛ እግርና በበቅሎ ጀርባ ስለ ነበረ፥ መልእክተኛው ከተያዘ ደብዳቤው አብሮ ይያዝ ነበር፤ ኾኖም ላኪው መልስ ሲዘገይበት ነገሩን መጠርጠሩ አይቀርም። የዛሬው ጉዳት ከዚያ የሚከፋው፥ ቃሉ ለወዳጅም ለጠላትም እኩል ደርሶ ላኪው ምንም ሳያውቅ ስለሚቀር ነው።

ለዚህ ምስክሩ የ1928 ዓ.ም. ጦርነት ነው። የኢትዮጵያ የጦር አለቆች በሰሜን ግንባር ኾነው በራዲዮ የሚላላኩትን ቃል ኢጣልያኖች እየጠለፉ ያነቡት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከማይጨው ውጊያ ጥቂት ቀደም ብለው ለእቴጌ መነን የላኩት ቴሌግራም እንኳ ከማርሻል ባዶሊዮ እጅ ገብቷል፤ ስለዚህ ውጊያው በተዠመረ ጊዜ ጠላት ከምሽጉ ኾኖ ይጠብቅ ነበር። ስለ መርዙ ጢስና ስለ አውሮፕላኑ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ተጠለፈው ቃል ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረም።

ዛሬ ቃሉ የሚሄደው እንደ ጠጕር በቀጠነ የመስተዋት ክርና በየተራራው ራስ በቆመ ማማ ነው። እንደ ደቡብ ጎንደር ባለው፥ ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚታይበት ደጋ፥ ሸንተረሩ ሞገዱን ስለሚከለክል ማማው ከከፍታ ላይ ይቆማል፤ ከከፍታ ላይ የቆመም ከሰው ዓይን የራቀ ነው። ባትሪውን የሰረቀ ሰው ጥቂት ብር ያገኝ ይኾናል፤ ምጥ ለያዛት ሴት አምቡላንስ የሚጠራው ጎረቤቷ ግን ስልኩ ዝም ይልበታል። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል መረቦችን ለመጠበቅ በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 464 ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ ከተራራ ላይ አያድርም፤ የሚያድረው የአገሩ ሰው ነው።

መሥመርን መጠበቅ አንድ ነገር፥ መዝጋት ሌላ ነገር መኾኑንም መለየት ይገባል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ዠምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፥ ክፉ ያላሰበው ነጋዴና ተማሪም አብሮ ተቋረጠ። ለጸጥታ ተብሎ የሚደረግም ቢኾን የዚህ ዋጋ በሒሳብ መግባት አለበት።

ከማማውም ከክሩም ይልቅ ለመሰበር የሚቀለው ግን ሰው ነው። ሹም የምስጢር ደብዳቤ በስልኩ አንሥቶ በቴሌግራም ቢልክ (ስሙ ከ1928ቱ ጋር መግጠሙ ያስገርማል) ጠላፊ አላስፈለገም። ከባንክ ነኝ ብሎ ለደወለ ሰው የምስጢር ቍጥሩን የሚነግር ካህንም፥ የንስሐ ልጁን ምስጢር ለማንም እንደማያወጣ ኹሉ ይህንንም ይጠብቅ፤ ምእመናኑንም ከቅዳሴ በኋላ ያስጠንቅቅ። የወረዳ ሹማምንት ደግሞ የመንገድ ወይም የውሃ ቧንቧ ቍፋሮ ከማስዠመራቸው በፊት፥ ክሩ በየት በኩል እንደ ተቀበረ የቴሌኮሙን ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ።