ከኵላሊት በላይ ያለው ምስክር

በቤተ ሙከራ የሚኖር እንስሳ ስለ ኑሮው ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥበት ልሳን የለውም፤ ይልቁንም እንደ አይጥ ያለው፥ ሥቃዩን ከአዳኝ ዐይን መሰወር በተፈጥሮ የተሰጠው ፍጡር፥ ጠባቂው ከማደሪያ ሳጥኑ ፊት ቆሞ ጠጕሩን፥ አበላሉንና አካሄዱን ቢመለከት እንኳ፥ በውስጡ ያለውን ጭንቀት በቀላሉ አይገልጥለትም። ልብንና ኵላሊትን መመርመር የፈጣሪ ሥልጣን እንደ ሆነ አባቶቻችን ያስተምሩ ነበር፤ የዘመናችን ሊቃውንት ግን፥ በዚያ ሥልጣን ሳይደፍሩ፥ በሁለቱ ኵላሊቶች ራስ ላይ እንደ ቆብ ከተደፉት ትናንሽ ዕጢዎች ጥቂት ምስክርነት የሚቀበሉበትን መንገድ አግኝተዋል።

እንስሳው አንዳች የሚያስደነግጥ ነገር ሲደርስበት፥ ከአንጎሉ ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ፒቱታሪ የተባለውን ዕጢ ያነቃዋል፤ ፒቱታሪም በደም በኩል መልእክቱን ወደ ኵላሊት ራስጌ ይሰዳል፤ በዚያ ያሉት ዕጢዎችም በሰው፥ በውሻ፥ በአሳማና በዓሣ ኮርቲሶል፥ በአይጥ ደግሞ ኮርቲኮስትሮን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። ይህ ሆርሞን ለጥቂት ጊዜ ሲፈስ ስኳርን ወደ ደም አውጥቶ እንስሳውን ለሽሽት ወይም ለትግል የሚያበረታ ሲሆን፥ ለብዙ ቀን ሳያቋርጥ ሲፈስ ግን ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኀይል ያደክማል። በቪየና ተወልዶ በካናዳ፥ በሞንትሪያል ከተማ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሐንስ ሴልዬ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1936 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጣው አጭር ጽሑፍ፥ አይጦች በብርድም ሆነ በቍስል፥ በድካምም ሆነ በመርዝ ቢጎዱ፥ እነዚህ ዕጢዎች እንደሚያብጡ፥ ታይመስ የተባለው ዕጢ እንደሚሟሽሽ፥ ጨጓራም እንደሚቈስል ገለጠ። ሴልዬ ይህን ያወቀው ግን እንስሳቱን ገድሎ ከፍቶ ነው፤ የሕያው እንስሳ ጭንቀት በሕይወቱ ሳለ ይመዘን ዘንድ ሌላ ጥበብ ያስፈልግ ነበር።

ደምን መመርመር ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን አይጢቱን ከማደሪያዋ አውጥቶ መያዝና በመርፌ መውጋት ራሱ ጭንቀት ስለ ሆነ፥ ደሙ እጅ ከነካት ጀምሮ በሦስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ካልተቀዳ፥ የሚገኘው ቍጥር ስለ ኑሮዋ ሳይሆን ስለ ያዡ እጅ የሚናገር ይሆናል። በዚህ ላይ አይጥ የሌሊት ፍጡር በመሆኗ ሆርሞኗ ብርሃን ሊጠፋ ሲል ከፍ፥ ማለዳ ዝቅ ስለሚል፥ የማለዳን ደም ከማታ ደም ጋር የሚያስተያይ ሰው ያለ ጥፋቷ ይፈርድባታል።

በቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ሞስትልና ሩፐርት ፓልመ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጁት ዘዴ የሚያስደስተኝ እንስሳዋን ሳይነካ ስለሚጠይቃት ነው። ሆርሞኑ በጉበት ከተሰባበረ በኋላ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ወርዶ በኩስ ስለሚወጣ፥ ሠራተኛው ከሳጥኑ ወለል ኩሱን ለቅሞ ያደርቀዋል፥ ይፈጨዋል፤ ከዱቄቱም ከአንድ ግራም ሃያኛ እጅ የሚሆነውን፥ ማለት 0.05 ግራም መዝኖ በሜታኖል ይበጠብጠዋል፤ የጠራውን ፈሳሽ 96 ጕድጓዶች ባሉት ዝርግ ሳሕን ላይ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ያገናኘዋል። በዚያ ጕድጓድ ውስጥ በመጨረሻ የሚታየው ቀለም በፈዘዘ መጠን ሆርሞኑ በዝቷል ማለት ነው። ኩሱ የሚናገረው ግን ያለፈውን ነው፤ በአይጥ አንጀት ምልክቱ እስኪወጣ ሰዓታት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዐሥር ሰዓት ስለሚፈጅ፥ መርማሪው የትናንቱን ድርጊት በትክክል መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል።

እንዲህም ሆኖ ሆርሞኑ መነሣቱን እንጂ የተነሣበትን ምክንያት አይናገርም። ወንዱ አይጥ ከሴቷ ጋር ሲገናኝም ሆርሞኑ በጠላት ድል እንደ ተነሣው አይጥ ሆርሞን ይንራል፤ ለረጅም ዘመን የተጨነቀ እንስሳ ዕጢ ደግሞ መልስ መስጠቱን ሊያዳክም ስለሚችል፥ ዝቅተኛ ቍጥር የደስታ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ቍጥሩ ከክብደቷ፥ ከጠባይዋና ከምትሠራው ጎጆ ጋር ተያይቶ ካልተነበበ፥ ብቻውን ለፍርድ እንዳይቀርብ አጥብቄ እለምናለሁ። ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ እንስሳትን በሌላ ዘዴ መተካትን፥ ቍጥራቸውን መቀነስንና ሥቃያቸውን ማቅለልን ሲያስተምሩ፥ የተሠቃየ እንስሳ የምርምሩን ውጤት ራሱን እንደሚያበላሽ ጭምር አሳስበዋል።

ይህ ማሳሰቢያ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ በዚያው በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እጅ በ2014 ተገለጠ፤ ወንድ አጥኚ በክፍሉ ሲገኝ፥ ወይም ሌሊቱን ለብሶት ያደረ ካናቴራ ብቻ በአጠገባቸው ሲቀመጥ፥ የአይጦቹ ኮርቲኮስትሮን ከፍ አለ፥ የሕመማቸውም ምልክት ከፊታቸው ላይ ቀነሰ፤ በሴት አጥኚ ዘንድ ግን ይህ አልታየም። ድንጋጤው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ እየበረደ ስለሚሄድ፥ ወንድ የሆነ አጥኚ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ከሳጥኖቹ ዘንድ ገብቶ በጸጥታ ይቀመጥ፥ በጽሑፉም ላይ እንስሳቱን የያዘው ወንድ ይሁን ሴት ይመዝግብ።